ከገጽ መቶ አሥራ ሁለት ቀጥሎ

ምዕራፍ ሦስትን የሚያነብ ሰው በምዕራብ ሸዋ ውስጥ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ምዕራፍ ሦስት ማለት በመመረቂያ ማሟያ ጽሑፍ ውስጥ «የጥናቱ ዘዴ» የሚባለው ነው፤ ተማሪው ጥናቱን እንዴት እንደሠራ የሚናገርበት ቦታ። ተማሪው ግን አይጽፈውም፤ ካለፈው ዓመት ተማሪ ይገለብጠዋል። ያለፈው ዓመቱም ከካቻምናው ገልብጦታል። ፈታኙ ይዘለዋል። እኔ ሥራዬ ስለሆነ አነባለሁ፤ አንብቤም ቆሽቴ ያርራል።

አንድ ክረምት አንዱ ተማሪዬ በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ ስላሉ ሴቶች ጽፎ አመጣ። ምዕራፍ ሦስት ላይ ስደርስ የጥናቱ ናሙናዎች በደንዲ ወረዳ ከሦስት ቀበሌዎች በዕጣ የተመረጡ ስንዴ አምራች አርሶ አደሮች መሆናቸውን ይነግረኛል። ጠራሁትና «እነዚህ ገበሬዎች ልብ ወለዱ ውስጥ የት ጋ ናቸው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እሱ ክፍል ገና አልተስተካከለም» አለኝ። ለካ እርሻ ከሚያጠና የመኝታ ክፍል ጓደኛው በፍላሽ ወስዶት ኖሯል። እንዲህ ያለውን ሲያዩ መሳቅ ይቻላል፤ እኔ ግን ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ሳቁ አለቀብኝ።

አምቦ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን የምርምር ዘዴ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ የክረምት ተማሪዎች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ጊንጪ፣ ጉደር፣ ካቺሲ ሲያስተምሩ ይከርሙና ሐምሌ ሲገባ ጃንጥላቸውን ይዘው ይመጣሉ። እነሱም ደክሟቸው፣ እኔም ደክሞኝ፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየወረደ፣ ማን ምን እንዳለ ሳይሰማ ሁለት ወር እንጯጯሃለን። የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ሁለት ነገር እጽፋለሁ፦ መጽሐፉን አንብቡ፤ ስትጠቅሱ ገጹን አረጋግጡ። «ዘዴ ማለት ይኸው ነው፣ የቀረው ጌጥ ነው» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፣ ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል፣ ከዚያ ሄደው ይገለብጣሉ። እኔም በየዓመቱ አፌን ሞልቼ ይህንኑ ስናገር ኖሬአለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ እኔም የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ። የማጠናው ልብ ወለድ ከገበያ የጠፋ፣ ዳግመኛ ያልታተመ ነው። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ብጠይቅ ካርዱ አለ፣ መጽሐፉ የለም። በስንት ልመና ከአንዲት የማውቃት ልጅ ፎቶ ኮፒውን አገኘሁ፤ እሷም ከሌላ ኮፒ ያስነሳችው ነው። ጠራዡ ዳር ዳሩን እኩል አደርጋለሁ ብሎ በመቁረጫ ሲከረክመው የገጽ ቁጥሮቹን አብሮ ከርክሟቸዋል። ቁጥር ከሌለው መጽሐፍ እንዴት ይጠቀሳል? ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁና ከአንድ እስከ መቶ ዘጠና ስድስት በእጄ ቁጥር ሰጠሁት። ያን ጊዜ ብልህነት መስሎኝ ነበር።

ልብ ወለዱ ውስጥ አንዲት ሴት አለች። አንድ ቀን በማለዳ ባሏንና ልጆቿን ጥላ መንገዱን ትያያዘዋለች። ይህ እኔ ቁጥር በሰጠሁት በገጽ መቶ አሥራ ሁለት ግርጌ ላይ ነው፤ በአራት ነጥብ ያልቃል። ገጽ መቶ አሥራ ሦስት ሲጀምር ፀጉሯ ሸብቶ ተመልሳለች። የት ነበረች? ምን በልታ ኖረች? ለምንስ ሄደች? አንድ ቃል የለም። ሰይጣን ራሱ እንዲህ አድርጎ አያመቻችም። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም፤ «የደራሲው ዝምታ» ብዬ ስም አወጣሁለት። ደራሲው ወንዶቹን ሁሉ እያናገረ ሴቲቱን ዝም አሰኛት፣ የኖረችበትን ዘመን ነጠቃት ብዬ ሠላሳ ገጽ ጻፍኩ። ፈታኞቹ ወደዱት፤ «እጅግ በጣም ጥሩ» ተባልኩ፤ በኋላም ከዚያው ጽሑፍ አንድ መጣጥፍ አውጥቼ መጽሔት ላይ ታተመልኝ።

ማስተማር ስጀምር ተማሪዎቼ እንደኔ እንዳይንከራተቱ ብዬ ያንን ባለቀይ ቁጥር ኮፒ ከኮሌጁ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ላላት ሴትዮ ሰጠኋት። መደርደሪያዋ ላይ አስቀመጠችው፤ ለጠየቃት ሁሉ እያነሳች ትጠርዝለታለች። ከዚያ ወዲህ እኛ ዘንድ በዚህ ልብ ወለድ ላይ የጻፈ ሁሉ ያነበበው እሱን ነው፣ ካነበበ። ሁሉም «የደራሲው ዝምታ» ይላል፤ አንዳንዱ ነጠላ ሰረዙን እንኳ ሳይለውጥ ይላል። በመገልበጣቸው እየተናደድኩ በየግርጌው ስሜን ሳይ ግን፣ ምን እዋሻለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ከጥቂት ክረምቶች በፊት አንድ ሰው በእኔ አማካሪነት ተመደቡ። ካቺሲ ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማሩ፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። የክፍል ጓደኞቻቸው፣ ግማሾቹ የራሳቸው የድሮ ተማሪዎች ስለሆኑ፣ «ኦቦ»፣ ማለትም አቶ፣ እያሉ ነው የሚጠሯቸው፤ እኔም «ኦቦ» አልኳቸው። እኔ በዕድሜያቸው አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው መምህራቸው ነኝና እኔን አንቱ ይሉኛል። በሩ ላይ ስንገናኝ «ይለፉ»፣ «የለም፣ እርስዎ ይለፉ» እየተባባልን የሌላውን ተማሪ መንገድ እንዘጋለን። አንድ ነገር ሳዛቸው ሁልጊዜ «ቶሌ» ነው መልሳቸው፤ በኦሮምኛ እሺ ማለት ነው። ያ ቶሌ እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር አልነግራችሁም፤ የሌሎቹ እሺ እሺ አልነበረማ።

ሊያጠኑ የመረጡት ያንኑ ልብ ወለድ ነው። ምዕራፍ ሦስታቸውን አመጡ፤ ግማሽ ገጽ አይሞላም። መጽሐፉን በወጣትነታቸው አንድ ጊዜ፣ ለዚህ ጥናት ደግሞ አራት ጊዜ እንዳነበቡት ይናገራል። ሴቲቱ በተናገረችበት ቦታ ሁሉ ወረቀት ሰክተዋል፤ የሰኩበትን ደብተር ላይ ገልብጠዋል፤ ከዚያ ጽፈዋል። በቃ። እኔ ዳር እስከ ዳር አሰመርኩና «ይህ ዘዴ አይደለም» ብዬ ጻፍኩበት። «ከዚህ በፊት የተሠሩ ጽሑፎችን ይመልከቱና በእነሱ መልክ ያስተካክሉት» አልኳቸው። ሌላውን ገለበጥክ ብዬ የምገላምጠው እኔ፣ ሳይገለብጡ የመጡትን አንድ ሰው ገልብጡ ብዬ ላክኋቸው። «ቶሌ፣ መምህርት» አሉ።

ቀጥሎ የገጽ ቁጥር መጣ። እስከ መቶ አሥራ ሁለት ድረስ የጠቀሱት ሁሉ ከእኔ ኮፒ ጋር ልክ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው በሙሉ ስህተት ነው። ምን ያህል? ሁልጊዜ በአሥራ ስድስት። መቶ ሃምሳ ያለውን መቶ ስድሳ ስድስት ይላሉ፤ መቶ ሰባ ያለውን መቶ ሰማንያ ስድስት ይላሉ። የምርምር ዘዴ የምታስተምር ሴት ቁጥር ሁሉ በአሥራ ስድስት እኩል ሲሳሳት አይታ «ለምን?» ብላ አትጠይቅም? አልጠየቅኩም። ቦታቸውን ወዲያው ያላገኘኋቸውን ሁለት ጥቅሶች ለጊዜው አልፌ፣ የቀሩትን በቀይ እስክሪብቶ አንድ በአንድ እያረምኩ «ጥንቃቄ ይጎድላል» ብዬ መለስኩላቸው።

በማግስቱ መጡና ቆመው «መምህርት፣ ይሄ ኮፒው ላይ...» አሉ። «ችግሩ ኮፒው ላይ አይደለም፣ አጠቃቀስዎ ላይ ነው» አልኳቸው። በሳምንቱ እንደገና «ስለ ኮፒው አንድ ነገር ላነሳ ነበር» አሉ። ደጃፌ ላይ ስድስት ተማሪ ተሰልፎ ነበርና «ኦቦ፣ እባክዎ፣ እሱን አንስተን ጨርሰናል» አልኩ። ጎንበስ ብለው «ቶሌ» አሉና ቁጥሮቹን ሁሉ አስተካክለው አመጡ። ሁለት ጥቅሶች ብቻ ሳይስተካከሉ ቀርተዋል።

ሁለቱ ጥቅሶች ረጃጅም ናቸው። በሁለቱም ውስጥ ሴቲቱ በራሷ አፍ ትናገራለች፤ የት እንደኖረች፣ ለምን እንደሄደች። ኮፒዬን አውጥቼ የተጠቀሰው ገጽ ላይ ባይ ሌላ ነገር ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አገላበጥኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ፈለግኩ። የለም። ደሜ ፈላ። ገልባጭ አውቃለሁ፣ ሰነፍ አውቃለሁ፤ ደራሲው ያልጻፈውን ጽፎ በደራሲው ስም የሚጠቅስ ግን አይቼ አላውቅም። ከሰውም ሰው እኚህ ሰው መሆናቸው የበለጠ አንገበገበኝ።

አስጠራኋቸው። «ኦቦ፣ ይህን ከየት አመጡት?» አልኩ።

«ከመጽሐፉ።»

«መጽሐፉ ላይ የለም። ፈጥረውታል።»

ፊታቸው ተለወጠ። ዝቅ ባለ ድምፅ «አልፈጠርኩም» አሉ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩም።

እኔ ያደግሁበት ሰፈር ሰው ያለ ጥፋቱ ሲወነጀል «ማርያምን» ይላል፤ «ሚካኤልን አላደረግኩትም» ይላል። የማይምል ሰው እኛ ዘንድ የሚያስፈራው ነገር አለ ማለት ነው። እኔ መሐላውን ጠበቅኩ። እሳቸው እጃቸውን አጣምረው ዝም። አምነዋል አልኩ በልቤ። የወንጌል አማኝ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ እነሱ ቤት መሐላ እንደሌለ ግን በዚያች ሰዓት ከየት ትዝ ይበለኝ። ከሄዱ በኋላ ለትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ጻፍኩ። ተማሪው ጥቅስ መፍጠራቸውን ገለጽኩ፤ ዲፌንሳቸው፣ ጽሑፋቸውን በፈታኞች ፊት የሚያቀርቡበት ፈተና፣ እንዲታገድም ጠየቅኩ።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከጸና ተማሪው ይሰናበታል። እሳቸው ደግሞ ዲግሪ ያጣ ሰው ብቻ ሆነው አይቀሩም። ካቺሲ ውስጥ የቀበሌውም ጸሐፊ፣ የጤና ጣቢያውም ሰው፣ የሱቁም ባለቤት የእሳቸው ተማሪ ነው። ወሬው ከአገሩ ልጆች ጋር በአንድ አውቶቡስ ተሳፍሮ ከእሳቸው ቀድሞ ይገባል። ሠላሳ ዓመት አትኮርጁ እያለ ያሳደገ ሰው ኮሌጅ ገብቶ በማጭበርበር ተባረረ ይባላል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ አውቄም ፈረምኩበት።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደብዳቤውን አንብቦ ደንቡ እንደሚለው አምስት ቀን ሰጣቸው፤ በአምስት ቀን ውስጥ ማስረጃ ካላቸው ያቅርቡ፣ አለበለዚያ ጉዳዩ ያልቃል። ጊዜው ነሐሴ ነው። በጊንጪ በኩል ወደ ካቺሲ የሚወስደውን መንገድ በነሐሴ ያየ ሰው አምስት ቀን ምን ያህል አጭር እንደሆነ ያውቃል። መኪና ጭቃ ውስጥ ይውላል፣ ተሳፋሪ ወርዶ ይገፋል፣ አንዳንዴም መኪናው ቀርቶ ተሳፋሪው ብቻ ይደርሳል። እሳቸው ምንም ሳይሉ ጃንጥላቸውን ይዘው ሄዱ። አይመለሱም ብዬ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ቢሮዬ ገቡ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ከጃኬታቸው ውስጥ በሁለት ፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ራሳቸው አልከፈቱትም። ፈታሁት። መጽሐፉ ነው። ኮፒ አይደለም፣ መጽሐፉ ራሱ፤ ሽፋኑ በካርቶን ተጠግኗል፣ ውስጡ ላይ አሥረኛ ክፍል አንደኛ ስለወጡ የተሸለሙት መሆኑን የሚገልጽ የደበዘዘ ማኅተም አለበት። የቆዩትም መጽሐፉ ካቺሲ ከተማ ውስጥ ስላልነበረ ነው። ተማሪዎቻቸው ክረምት ክረምት በተራ ያነቡታል፤ ተራው የደረሳት አንዲት ልጅ ገጠር ወላጆቿ ዘንድ ይዛው ሄዳለች። እዚያ ድረስ በእግራቸው ሄደው ነው ያመጡት። «ሳትጨርስ ነጠቅኳት» አሉ፤ የቆጫቸው እሱ ነው።

መቶ አሥራ ሁለትን ገለጥኩ። ሴቲቱ መንገዱን ተያያዘችው፣ አራት ነጥብ። ዓይኔን ወደ ትይዩው ገጽ አሻገርኩ። መቶ አሥራ ሦስት ላይ ፀጉሯ አልሸበተም። መንገድ በሚሠራበት ካምፕ ወጥ ሠሪ ሆና ተቀጥራለች፤ ጭስ ውስጥ ቁጭ ብላ ለአንዲት ጓደኛዋ ታወራለች። እያንዳንዱን ነገር ትናገራለች። ባሏን፣ ልጆቿን፣ የሄደችበትን ማለዳ፣ የፈራችውን፣ ያልጸጸታትን። አሥራ ስድስት ገጽ ሙሉ ከእሷ በቀር ማንም አይናገርም። መቶ ሃያ ዘጠኝ ላይ ትመለሳለች፤ እኔ መቶ አሥራ ሦስት ያልኩት ገጽ እሱ ነው። ከዓመታት በፊት የማን እንደነበረ ከማይታወቅ መጽሐፍ አንድ የአሥራ ስድስት ገጽ ጥራዝ ወልቆ ወደቀ፣ የቀረው ኮፒ ተነሳ፣ ቁጥሩ ተከረከመ፣ እኔ ደግሞ ክፍተቱን በቀይ እስክሪብቶ ደፍኜ ለአገሩ ሁሉ አደልኩት። ዕውር ዕውርን ቢመራው ማለት ይኼ ነው።

እሳቸው መስኮቱን እያዩ ቁጭ ብለዋል። ከማፈሬ በፊት የመጣብኝ ንዴት ነው፤ ተፈጥሮዬ ሆኖ። «ለምንድን ነው ያልነገሩኝ?» አልኳቸው፣ ጥፋቱ የእሳቸው ይመስል።

«ሁለት ጊዜ ጀምሬ ነበር» አሉ።

አላረፍኩም። «እሺ፣ ፈጠሩ ስልዎት እንኳ ለምን አልማሉም?»

ገርሟቸው አዩኝ። «እኛ አንምልም፣ መምህርት። አልፈጠርኩም አልኩ እኮ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ምን ብዬ እንደጠየቅኩ አላስታውስም። እሳቸው ተነስተው በሁለት እጃቸው እጄን ያዙኝና የሱሪያቸውን ጭቃ ሊያጥቡ ሄዱ።

ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሁሉንም ነገርኩት። መጥፎ ሰው አይደለም፣ የሚያዝንልኝ ባልደረባዬ ነው። «ማስረጃ ቀርቧል ብለሽ ደብዳቤሽን አንሺ፤ ሰውየው ዲፌንስ ያድርግ፤ በቃ» አለኝ። «የራስሽን ጽሑፍ ግን አታንሺው። የደረጃ ዕድገት ፋይልሽ ላይ ያለው ያ መጣጥፍ ነው። ማን ጠየቀሽ? ዝም አይነቅዝም።» ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና እኔም አንድ መስመር ጽፌ ደብዳቤዬን አነሳሁ። ስለ ኮፒው፣ ስለ ቀይ ቁጥሩ ምንም አልጻፍኩም። እሳቸው ድነዋል፣ እኔም ድኛለሁ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ዲፌንሱ በሳምንቱ ሆነ። የውጭ ፈታኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ የኔን መጣጥፍ ያነበበ ሰው ነው። አመሰገነና «አንድ ነገር አልገባኝም» አለ። «ከእርስዎ በፊት ያጠኑት ሁሉ ደራሲው ሴቲቱን ዝም አሰኝቷል ይላሉ። አማካሪዎ ራሳቸው ይላሉ። እርስዎ ብቻ ተናግራለች ይላሉ። ማንን እንመን?»

«እኔ ያነበብኩትን ነው የጻፍኩት» አሉ።

«እንግዲያው አማካሪዎ ተሳስተዋል?»

መጽሐፉ ከወንበራቸው ሥር ቦርሳቸው ውስጥ ነበር። ቦርሳውን በእግራቸው ጫፍ ትንሽ ወደ ኋላ ሲገፉት አየሁ። ሊያወጡት አይፈልጉም። ካወጡት መልሱ በእኔ ፊት፣ በተማሪዎቼ ፊት፣ አማካሪዬ ተሳስተዋል ነው፤ ይህን ደግሞ አይሉም፣ ቢሞቱ አይሉም። ሐሰትም አይናገሩም። ስለዚህ አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ፈታኙ ትንሽ ጠበቀና ጥያቄውን መመለስ አልቻሉም ብሎ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ጀመረ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። ዝም አይነቅዝም። እኔ የዚያን ሰውዬ የተጎነበሰ አንገት አየሁና ተነሳሁ። «ተሳስቻለሁ» አልኩ። «ያጠናሁት ኮፒ አሥራ ስድስት ገጽ ይጎድለዋል። ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ለተማሪዎቹም ያደልኩት እኔ ነኝ። ኦቦ፣ እባክዎ መጽሐፉን ያውጡት።» አወጡት። ፈታኙ መቶ አሥራ ሁለትን ገልጦ አነበበ፣ ወደ ትይዩው ገጽ ተሻገረ፣ ረጅም ጊዜ አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ «ይህን መቼ ነው ያወቁት?» አለኝ። «የዛሬ ሳምንት» አልኩ። «ታዲያ እስከ አሁን?» አለ። ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ።

እሳቸው በከፍተኛ ማዕረግ አለፉ። እኔ መጣጥፌን ከፋይሌ አወጣሁ፤ ዕድገቱም ቀረ። ያ ይሁን። ያቃጠለኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ «ያንን ኮፒ ጣይው፣ በሙሉው ልተካልሽ» ብላት ሴትዮዋ አልሰማም አለች። «መምህርት፣ ልጆቹ ባለእስክሪብቶ ቁጥሩን ነው የሚፈልጉት። ከድሮዎቹ ጽሑፎች ጋር የሚገጥምላቸው እሱ ነው» አለችኝ። በቀጣዩ ክረምት የመጣው የመጀመሪያ ፕሮፖዛል ርዕሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ስለ ደራሲው ዝምታ። ግርጌው ላይ ስሜ አለ። ልጁን አስጠርቼ «ይህ ስህተት ነው፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ስህተት ነው እልሃለሁ» ብዬ ብነግረው «ግን እኮ ታትሟል» አለኝ።

በዚያው ሰሞን የኦቦ ጽሑፍ ተጠርዞ ከካቺሲ መጣልኝ። በልማዴ በቀጥታ ወደ ምዕራፍ ሦስት ሄድኩ። ያንን ያሰመርኩበትን ግማሽ ገጽ መልሰውታል፤ ደግ አደረጉ። መጨረሻው ላይ ግን አንድ አዲስ ነገር አለ፤ የገጾቹን አቆጣጠር አባሪ አንድ ላይ ይመልከቱ ይላል። አባሪ አንድ ሰንጠረዥ ነው። በግራ የመጽሐፉ ገጽ፣ በቀኝ «የመምህርቴ አቆጣጠር»። በእያንዳንዱ ገጽ ትይዩ የእኔ ቀይ ቁጥር ስንት እንደሆነ ጽፈዋል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ከመቶ አሥራ ሦስት እስከ መቶ ሃያ ስምንት ድረስ በቀኝ በኩል ቁጥር የለም። አጭር ሰረዝ ብቻ። ጎደለ አይልም፣ ተሳሳተ አይልም። አባሪ ሁለት ደግሞ አሥራ ስድስቱ ገጾች ራሳቸው ናቸው፣ አንድም ሳይጎድል።

ሰረዞቹን በጣቴ እየቆጠርኩ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩና ስልክ ደወልኩ። «ኦቦ፣ የኔን ቁጥር ለምን አልተዉትም? ስህተት ነው እኮ» አልኳቸው።

«ልጆቹ እጅ ያለው ኮፒው ነዋ» አሉኝ። «ገጹን አረጋግጡ ይሏቸዋል። በምን ያረጋግጡ?»

እሳቸው ቀጠሉ። ኮፒውን ማስጣሉን ልተወው፣ ሰንጠረዡንና አሥራ ስድስቱን ገጾች ወስጄ መቶ አሥራ ሁለት ላይ አስገብቼ እዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት መደርደሪያ ላይ ልመልሰው፣ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳልል ሐምሌ ሳይገባ፣ አሉኝ። እንደ ልመና ጀምረውት መጨረሻው ላይ ትእዛዝ ሆኗል፤ የሠላሳ ዓመት አስተማሪ ናቸው።

«ቶሌ፣ መምህር» አልኳቸው።